በሬ ሳይሸጥ መማር ይቻላልን?



ከዋግ ኽምራ፣ ከጋዝጊብላ ወረዳ፣ ከአስከተማ አንድ ደብዳቤ ደርሶናል። ጸሐፊው ወጣት ወንድማችን ስሙ እንዳይጠቀስ አደራ ስላለን አንጠቅሰውም። በኤሌክትሪካል ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ ወደ ወላጆቹ ቤት ከተመለሰ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አባቱ ማርና ፍየል የሚነግዱ፣ ጥቂት መሬትም የሚያርሱ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ልጁ ባሕር ማዶ ወደሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ትምህርት አመለከተና ተቀብለንሃል የሚል ደብዳቤ መጣለት። ቤቱ በደስታ ተሞላ፣ ጎረቤት ሁሉ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ደብዳቤው በሚገባ ሲነበብ ግን ተማሪው የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያና መተዳደሪያ ራሱ ማቅረብ እንዳለበት ይናገራል።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረ። ሁለቱ በሬዎች ይሸጡ፣ ፍየሎቹም ይከተሉ፣ የጎደለውን ደግሞ አንድ ዘመድ በወለድ ይበደርና ያሟላ ተባለ። አዲስ አበባ ያለ አንድ «ጉዳይ አስፈጻሚ» ነኝ ባይም ቪዛውን እጨርሳለሁ ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቋል። ወንድማችን ሁለት ነገር ጠየቀን። ለትምህርት ሲባል በወለድ መበደር እንዴት ይታያል? ሌላ መንገድስ የለምን?

በጥያቄና መልስ ዓምዳችን ሁለት መስመር ጽፈን ልናልፈው አልፈለግንም። ምክንያቱም ይህን የሚመስል ጥያቄ ከአንድ ቤት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ወለድ (ሪባ) ሐራም መሆኑን ለሙስሊም ቤተሰብ መንገር አዲስ ነገር መንገር አይሆንም። ሰው «ተቸግሬ ነው» የሚለው ሌላ በር ሲያጣ ነው። እንግዲያውስ ሁለተኛው ጥያቄ ከተመለሰ የመጀመሪያው አብሮ ይመለሳል። የቀረውን ዝርዝር በአካባቢው ለሚገኙት ዑለማዎች እንተወውና እኛ በሮቹን እንቁጠር።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ዩኒቨርሲቲ ተቀበለኝ ማለት አንድ ጉዳይ ነው፤ ወጪዬን የሚሸፍን አገኘሁ ማለት ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን የሚቀላቅሉ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ደላሎችም የሚኖሩት በዚህ መቀላቀል ነው። በአሜሪካ ለምሳሌ ተቋሙ ተማሪውን ከተቀበለው በኋላም ቢሆን፣ ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ ቅጽ የሚሰጠው ተማሪው ቢያንስ የአንድ ዓመት ወጪውን ከየት እንደሚያገኝ በማስረጃ ሲያሳይ ነው። ጀርመን ውስጥ በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም ይባላል፣ እውነትም ነው። ነገር ግን ተማሪው የዓመት መተዳደሪያ እንዳለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በታገደ የባንክ ሒሳብ በማስቀመጥ፣ ሳያሳይ ቪዛ አያገኝም። ይህ ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ 11,904 ዩሮ ደርሶ ነበር፤ በብር ከሚሊዮን በላይ ነው። ሁለት በሬ ይህን አይነካውም። በሬው ተሽጦ፣ ብድሩ ተወስዶ፣ ቪዛው ቢከለከል ደግሞ በመኸር ጊዜ ያ ቤት በምን ያርሳል?

እንግዲህ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ከብዙ የትምህርት ዓይነቶች የሚለይበት ነገር አለ። ይህ ሙያ ቤተ ሙከራ ይፈልጋል፤ ቤተ ሙከራ ደግሞ ሠራተኛ ይፈልጋል። በውጭ አገር አንድ ፕሮፌሰር ስለ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር፣ ስለ ፀሐይ ኃይል፣ ስለ ሬዲዮ ሞገድ ወይም ስለ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ አካላት ለሚያደርገው ምርምር ከመንግሥት ወይም ከፋብሪካ ገንዘብ ያገኛል። ምርምሩን በየዕለቱ የሚሠሩለት የእርሱ ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ከዚያው ገንዘብ የትምህርት ክፍያቸውን ይሸፍናል፤ ወርኃዊ መተዳደሪያም ይቆርጥላቸዋል። ይህ የምርምር ረዳትነት ይባላል። ሁለተኛው የማስተማር ረዳትነት ነው። ተማሪው ለታችኛው ክፍል ልጆች የቤተ ሙከራ ሥራ ያሳያል፣ ፈተና ያርማል፣ በምላሹም በተመሳሳይ ሁኔታ ይከፈለዋል። ሦስተኛው ፌሎውሺፕ የሚባለው ነው። ይህ የሥራ ግዴታ የማይጣልበት ወይም በጣም ያነሰበት፣ ለተማሪው በችሎታው የሚሰጥ ድጎማ ሲሆን ከሁሉም የተከበረውና ጥቂት ሰው የሚያገኘው ነው።

ከዚህ ውስጥ ወንድማችን ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ይወጣል። በአሜሪካ በምሕንድስና ለዶክትሬት የሚቀበሉትን ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ወጪውን ችለው ነው የሚቀበሉት፤ ለማስተርስ ብቻ የሚቀበሉትን ግን አብዛኛውን ጊዜ ያስከፍሉታል። ስለዚህ ጥሩ ውጤት ያለው ልጅ ማስተርስን ከዚህ ከአገሩ ጨርሶ ወይም በቀጥታ ለዶክትሬት አመልክቶ መሄድ ይችላል። የእርሱ የተቀባይነት ደብዳቤ «ክፈል» የሚለው ስሕተት ተፈጥሮ ሳይሆን በሩን የሚያንኳኩበት ሰዓት ስለሚለያይ ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በካይሮ አል-አዝሀር ውስጥ ሪዋቅ አል-ጀበርት የሚባል አዳራሽ ነበር። ከአገራችንና ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄዱ ሙስሊም ተማሪዎች የሚያድሩበትና የሚማሩበት ሲሆን፣ የዕለት ዳቧቸው ከወቅፍ ይሰጣቸው ነበር። ተማሪው ከቤቱ በሬ አሽጦ አልሄደም፤ ከእርሱ በፊት የነበረ አንድ ባለጸጋ ቤቱን ወይም እርሻውን ለአላህ ብሎ አቁሞለት ነበር። የዚያ ሪዋቅ ሼኽ ከነበሩት አንዱ በ1774 እ.ኤ.አ. የሞቱት ሐሰን አል-ጀበርቲ ናቸው። ቀደምት አያታቸው ከዚህ ከጀበርት ምድር የሄዱ ሲሆኑ፣ እርሳቸው በሒሳብ፣ በሥነ ፈለክና በመለኪያ መሣሪያዎች ዕውቀታቸው የታወቁ ነበሩ። ልጃቸው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) የግብፅን ታሪክ የጻፉት ዕውቅ ሊቅ ናቸው። የፊቅህ ሊቅ ሆኖ የመለኪያ መሣሪያ መሥራት ማንንም አላስገረመም ነበር። ዛሬ «ዲን ወይስ ኢንጂነሪንግ?» ብለው ልጃቸውን የሚያስጨንቁ ወላጆች ሲያጋጥሙን ይህ ትዝ ይለናል።

የወሎ ደረሳም ቢሆን በዚሁ ሥርዓት የኖረ ነው። ኪታብ ፍለጋ ከአገር አገር ሲሄድ የሚያበላው የአካባቢው ሕዝብ ነበር። ፌሎውሺፕ የሚለው ቃል ከባሕር ማዶ ይምጣ እንጂ ነገሩ በእያንዳንዱ ሐሪማ ደጃፍ የነበረ ነው።

አሁን ወደተከፈቱት በሮች እንመለስ። በመጀመሪያ የምንጠቅሰው መቀመጫው ጅዳ የሆነውን የእስልምና ልማት ባንክ ነው። ኢትዮጵያ የባንኩ አባል አገር አይደለችም። ባንኩ ግን እ.ኤ.አ. በ1983 አባል ባልሆኑ አገሮች ለሚኖሩ ሙስሊም ማኅበረሰቦች ልጆች የትምህርት ዕድል መስጠት ጀመረ። ሲጀመር ይበልጡን ለመጀመሪያ ዲግሪ፣ በተለይም ለሕክምናና ለምሕንድስና ነበር። አካሄዱን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኛ ግን ከሁሉም በላይ የወደድነው እርሱን ነው። ገንዘቡ ለተማሪው ቀርድ ሐሰን፣ ማለትም ወለድ የሌለው መልካም ብድር ነው፤ ለማኅበረሰቡ ግን ስጦታ ነው። ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ በጥቂት በጥቂቱ ይመልሳል፤ የሚመልሰው ግን ለባንኩ ሳይሆን በአገሩ ለሚቋቋም አደራ ጠባቂ ሲሆን፣ በዚያ ገንዘብ ሌላው ታናሽ ወንድሙ ወይም እህቱ ይማራል። ለዶክትሬትና ለከፍተኛ ቴክኖሎጂ የሚሆነውን ሌላ መርሐ ግብር ደግሞ በ1992 እ.ኤ.አ. ለአባል አገሮች ጀምሯል። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ እየተለወጠ ስለመጣ በየዓመቱ የሚወጣውን ማስታወቂያ ራሱን ማንበብ ያስፈልጋል።

በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከጅዳ ወደ ሰሜን በቱዋል የሚገኘው የንጉሥ ዐብደላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ለማስተርስና ለዶክትሬት ብቻ የቆመ ተቋም ሲሆን፣ ለተቀበላቸው ተማሪዎቹ የትምህርት ክፍያ፣ መኖሪያ፣ ሕክምናና የመተዳደሪያ ገንዘብ የሚሸፍን ፌሎውሺፕ ይሰጣል። የኤሌክትሪካልና የኮምፒዩተር ምሕንድስና ክፍሉም ጠንካራ ነው። እዚህ ማስተርስ ራሱ ስለሚሸፈን ወንድማችን ልብ ይበል። ውድድሩ ብርቱ መሆኑን ግን አንደብቅም። በዛህራን የሚገኘውና በ1963 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የንጉሥ ፋህድ የነዳጅና ማዕድን ዩኒቨርሲቲም ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ድጎማ በመስጠት የታወቀ ነው።

የቱርክ መንግሥት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቱርኪዬ ቡርስላሪ በሚል ስም የሚሰጠው ዕድል የትምህርት ክፍያን፣ ማደሪያን፣ ወርኃዊ ገንዘብን፣ የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርትንና የጉዞ ቲኬትን ይጨምራል። ማመልከቻው በነፃ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት አጋማሽ ይቆያል። ለማስተርስ ዕድሜው ከ30፣ ለዶክትሬት ከ35 ያላለፈ፣ ውጤቱም ከመቶ ቢያንስ 75 የሆነ ይጠየቃል። በነፃ ለሚሞላ ቅጽ «እኔ ልሙላልህ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ካጋጠመ ከዚያ መሸሽ ነው።

ከዐረቡና ከቱርክ ምድር ሌላ የአፍሪካ በሮችም አሉ፤ ወጣቶቻችን ለምን እንደሚንቋቸው አይገባንም። የአፍሪካ ኅብረት ያቋቋመው ፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ በኬንያ በጆሞ ኬንያታ የግብርናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ማስተርስና ዶክትሬት ያስተምራል። በአልጄሪያ ተለምሳን ደግሞ የውኃና የኃይል ትምህርት ተቋም አለው። ለተመረጡት ሙሉ ወጪያቸውን ይችላል። በኪጋሊ የሚገኘው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍም በኤሌክትሪካልና ኮምፒዩተር ምሕንድስና ማስተርስ ይሰጣል፤ የማስተርካርድ ፋውንዴሽንም ለብዙ አፍሪካውያን ተማሪዎቹ ወጪ ይሸፍናል።

እህቶቻችንን በተመለከተ አንድ ቃል። ሽሉምበርገር ፋውንዴሽን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ፣ በሳይንስና በምሕንድስና ዶክትሬት ለሚማሩ ሴቶች ብቻ የሚሰጠው ፌሎውሺፕ አለ። በምሕንድስና የተመረቀች ሙስሊም ልጅ ያለው ወላጅ «ብቻዋን እንዴት ትሄዳለች?» የሚለው ጭንቀት ተገቢ ጭንቀት ነው፤ ነገር ግን ጭንቀቱ ማመልከቻ እንዳትሞላ ሲያደርጋት እናያለን። ዕድሉ ሲገኝ ከወንድሟ ወይም ከባሏ ጋር መሄድ፣ ወይም ዘመድ ያለበትን ከተማ መምረጥ ይቻላል። ሳያመለክቱ የሚመረጥ ነገር ግን የለም።

ሁሉም መንገድ ወደ ውጭ የሚወስድ አይደለም። እንዲያውም በእኛ አስተያየት ለአስከተማው ወንድማችን የሚቀርበው የአገር ውስጡ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ የምሕንድስና መምህራን ማስተርሳቸውን የተማሩት ዩኒቨርሲቲ በረዳት ምሩቅነት ቀጥሯቸው፣ ደመወዛቸው ሳይቋረጥ በመላክ ነው። ሲጨርሱ ተመልሰው ለተወሰነ ዓመት የማገልገል ግዴታ ይገባሉ። ይህ ስሙ ፌሎውሺፕ አይባል እንጂ ሥራው ያው ነው። የመንግሥት ድርጅቶችም በዚህ መንገድ ሄደዋል፤ የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽንና ኢትዮ ቴሌኮም መሐንዲሶቻቸው በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ማስተርስ እንዲማሩ ያደረጉበት ጊዜ አለ። በአገር ውስጥ ለድኅረ ምረቃ የሚያመለክት ሁሉ ብሔራዊውን የመግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል፤ ለዚህም በአስከተማ ተቀምጦ መዘጋጀት ይቻላል።

ሙያውም ለአገሩ ባዕድ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሲሆን፣ ሐይቁ የዋግን ቆላ ይነካል። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው ተብሏል። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ግን ገና መብራት አላገኘም። ውኃውን ኤሌክትሪክ ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ ኤሌክትሪኩን እንደ ጋዝጊብላ ባለ ተራራማ አገር ወደተበታተነ መንደር ማድረስ ሌላ ነገር ነው። ለምርምር ርእስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የማያስፈልገው ለዚህ ነው። አንድ የባሕር ማዶ ፕሮፌሰር «ለምን ይህን ልትማር ፈለግህ?» ሲል፣ ድህነቱን ከሚያለቅስ ማመልከቻ ይልቅ ከመስመር የራቀች አንዲት መንደር በፀሐይ ኃይል እንዴት ትበራለች የሚለውን በቁጥር የሚያስረዳው ማመልከቻ ይበልጥ ይስበዋል።

ከደጋው ሆኖ ማመልከት የራሱ ችግር አለው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ዋግን ክፉኛ የጎዳ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ማመልከቻ መጨረሻው ቀን ላይ የሚሞላ ከሆነ አንድ ቀን የተቋረጠ መስመር አንድ ዓመት ያስከፍላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚከፈለው የማመልከቻና የፈተና ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የቶፍል ፈተና ብቻውን ቀላል ወጪ አይደለም። በቤት ኽምጣና፣ በትምህርት ቤት አማርኛ፣ በመድረሳ ዐረብኛ ለተማረ የዋግ ልጅ እንግሊዝኛ አራተኛ ቋንቋው ነውና ፈተናው ራሱ ከባድ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በቶፍል ፋንታ የመጀመሪያ ዲግሪው ትምህርት በእንግሊዝኛ የተሰጠ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይቀበላሉ፤ ደብዳቤውን ከተመረቁበት ሬጅስትራር መጠየቅ ይቻላል። የማመልከቻ ክፍያም ሲጠየቅ የሚነሳበት ጊዜ አለ። ያልጠየቀ ግን ይከፍላል።

ሌላው በሙስሊም ልጆች ላይ በተደጋጋሚ የሚደርስ ነገር የስም አጻጻፍ ነው። «መሐመድ» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አንባቢ ያውቃል። በስምንተኛ ክፍል ካርድ አንድ ዓይነት፣ በዲግሪው ሌላ፣ በፓስፖርቱ ሦስተኛ ሆኖ ይገኛል። ለእኛ ያው መሐመድ ነው፤ ለቪዛ ሹም ግን ሦስት ሰው ነው። ፓስፖርት የሚያወጣ ሰው በዲግሪው ላይ እንዳለው አድርጎ ያስጽፍ። የወጪ መጋራት ክፍያም አለ። ይህ ግዴታ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በተማሩ ላይ ያለ ሲሆን፣ ሳይጣራ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ቤተሰብ ሊረዳ ከፈለገ እንግዲህ በሬውን ሳይሆን ይህን ይርዳ። ለትራንስክሪፕት፣ ለፓስፖርት፣ ለአንድ ፈተና፣ ለሁለትና ለሦስት ማመልከቻ የሚሆነው ገንዘብ ከአንድ ዓመት የባሕር ማዶ ክፍያ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የሰቆጣና የአስከተማ ነጋዴዎች፣ በአዲስ አበባና በውጭ ያሉ የዋግ ልጆች ይህን ያህል በቀርድ ሐሰን ለማበደር አይከብዳቸውም። ብዙ ዑለማዎች ትምህርት ላይ ያለ ችግረኛ ተማሪ ከዘካ እንዲሰጠው ፈቅደዋል፤ ዝርዝሩን መጠየቅ ተገቢ ነው። የሚሰጠው ገንዘብ በእጅ ሳይሆን በጽሑፍና በምስክር ይሁን። ከብድሩ የተጠቀመው ልጅ ሥራ ሲይዝ መልሶ ለሚቀጥለው ያስተላልፍ።

ለዶክትሬት በአሜሪካ አብዛኛው የማመልከቻ ጊዜ የሚዘጋው በታኅሣሥ አካባቢ ነው። የቱርኩ በጥር ይከፈታል። ስለዚህ ወረቀት የሚሰበሰበው በክረምት ነው። በዚህ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቁ ልጆች ወደ አገራቸው ከመሳፈራቸው በፊት ሬጅስትራር ሄደው ትራንስክሪፕታቸውን ያስጀምሩ፤ የመመረቂያ ሥራቸውን ያማከሯቸውን ሁለት ወይም ሦስት መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ለመጻፍ ፈቃደኛ መሆናቸውን በአካል ይጠይቁ፤ የኢሜይል አድራሻቸውንም ይያዙ። ከአስከተማ ተመልሶ ያንን ለማድረግ የአውቶቡሱ ብቻ ሁለት ቀን ይፈጃል።